እንድትቆጣጠሩኝ እለምናለሁ፦ ለወሰን ማስከበር ሥራ የፈቃድ መደብ ይሰጠው

ለ፦ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለከተማና ለገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ መሥሪያ ቤቶች
ጉዳዩ፦ በሰው ይዞታ ላይ የማለፍ መብትን ለሚያደራድሩና ለሚያስመዘግቡ ድርጅቶች የንግድ ሥራ ፈቃድ መስጫ መደብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ወደ ደጃችሁ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለምነው ቁጥጥሩ እንዲላላለት ነው። እኔ የምለምነው እንዲጠብቅብኝ ነው። ፈቃድ ስጡኝ፣ ግብር ጫኑብኝ፣ መዝገቤን አገላብጡ፣ ሳጠፋ ፈቃዴን ንጠቁኝ። እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ ልታደርጉብኝ ያልቻላችሁት ሥራዬ በእናንተ ዘንድ ስም ስለሌለው ብቻ ነው።

በሕዝቡ ዘንድ ግን ስም አለው። ወሰን ማስከበር ይባላል፤ መንገድ፣ የመብራት መስመር ወይም ቧንቧ በሰው ይዞታ ላይ እንዲያልፍ ከባለይዞታው ጋር ተስማምቶ ቦታውን ማስለቀቅ ወይም ማስፈቀድ ማለት ነው። ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ መንገድ በዘገየ ቁጥር ሥራ ተቋራጩም፣ አማካሪውም፣ አሠሪው መሥሪያ ቤትም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት ምክንያት «የወሰን ማስከበር ችግር» ነው። ችግሩን ሁሉም በስሙ ይጠራዋል። ችግሩን ለሚፈታው ሥራ ግን በእናንተ መዝገብ ከናካቴው ስም አልወጣለትም።

አሥራ አንድ ዓመት በመንገድ፣ በኤሌክትሪክ መስመርና በውኃ ቧንቧ ፕሮጀክቶች ተቀጥሬ ስሠራ የቆየሁት ይህንኑ ነው። ባለይዞታውን ማግኘት፣ ይዞታ ማረጋገጫውን ማየት፣ መስመሩ የት እንደሚያልፍ እግር በእግር አብሮ ተራምዶ ማሳየት፣ ዛፍና ሰብል መቁጠር፣ መደራደር፣ ማፈራረም፣ ከዚያም ሰነዱ እንዳይጠፋ ማድረግ። የመጨረሻው በቃል ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን እርሱ ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ዓመት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን ተቀጣሪነት ይብቃን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እናቋቁም አልን። የንግድ ስም መረጥን፣ መመሥረቻ ጽሑፉን አዘጋጀን፣ የቢሮ ኪራይ ውል ተዋዋልን። እዚህ ድረስ የሚያማርር ነገር የለኝም፤ እንዲያውም ምዝገባው በኮምፒውተር ከሆነ ወዲህ መንገዱ አጥሯል። ያጋጠመን ነገር የተፈጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

በመስኮቱ ማዶ የነበረችው ሠራተኛ ትሑትና ታጋሽ እንደነበረች አስቀድሜ ልመስክር። የሥራ ዓላማችንን አንብባ «መተላለፊያ» የሚለውን ቃል ጻፈችና ፈለገች። ምንም አልመጣም።

«ትራንዚተር ማለትዎ ነው?» አለችኝ።

ዕቃ የማስተላለፍ ሳይሆን በሰው መሬት ላይ የማለፍ መብት ነው አልኳት።

«እንግዲያስ መንገድ ሥራ ነዋ!»

ግሬደር የለኝም አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አወረደችው። ዶሮ ርቢ አለ፣ የሠርግ ዕቃ ኪራይ አለ፣ ማስታወቂያ አለ፤ እያንዳንዱ ከነመለያ ቁጥሩ። ከኋላዬ የተሰለፈ አንድ ሰው ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «የመሬት ደላላ በላቸው፣ ይለቁሃል» አለኝ። የመከረኝ በቅንነት ነው። እኔ ግን በዚያ ስም ወደ አንድ ገበሬ ደጅ ብሄድ ውሻው ነው የሚቀበለኝ።

ሠራተኛዋ የሚቀርቡትን አማራጮች አንድ በአንድ አስረዳችኝ፤ አንዱም አልሆነም። ማማከር ተብዬ ብመዘገብ የአማካሪ ሥራ ጥናት ጽፎ ማስረከብ ነው፤ እኔ ግን የካሳ ገንዘብ በእጄ ያልፋል፣ ስለ ሌላው ሆኜ እፈራረማለሁ። ቅየሳ የራሱ የብቃት ማረጋገጫና መሣሪያ ያለው ሙያ ነው፤ እኛ ቀያሽ እንቀጥራለን እንጂ ቀያሾች አይደለንም። ጥብቅና በራሱ አዋጅ፣ በቁጥር 1249/2013 የሚተዳደር ነው፤ ፍርድ ቤት ቆሜ የመከራከር ሐሳብም መብትም የለኝም። የቀረው ድለላና ኮሚሽን ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ደላላ የሚከፈለው ከተዋዋሉበት ገንዘብ ላይ በመቶኛ ነው። ቤት ሲሸጥ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ሻጩም ገዢውም ዋጋውን ያውቃሉ። የማለፍ መብት ግን የገበያ ዋጋ የለውም። ክፍያዬ ከካሳው መቶኛ ቢሆን ካሳውን ማናር ይጠቅመኛል፤ ከተቆጠበው መቶኛ ቢሆን ደግሞ ገበሬውን ማራቆት ይጠቅመኛል። በሁለቱም በኩል ሚዛኑን የያዘው እጅ የራሱን ኪስ ያያል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ተገቢው ክፍያ በይዞታ ቁጥር ወይም በሥራ ቀን የተቆረጠ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ። የድለላ ፈቃድ ውስጥ ብታስገቡን በሕግ የምትፈቅዱልን በትክክል ሊከለከል የሚገባውን ነገር ነው።

ፈቃድ ሳይኖር መነገድ በገንዘብም በእስራትም እንደሚያስቀጣ፣ በአንዱ መደብ ፈቃድ አውጥቶ ሌላ ሥራ መሥራትም እንደማይቻል አዋጅ ቁጥር 980/2008 ይነግረናል። እኔም ተገቢ ነው እላለሁ። ግን ለሥራው መደብ ከሌለው ሕግ አክባሪው ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ሥራው ግን አይቀመጥም። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ የሚል፣ ቢሮ የሌለው፣ ደረሰኝ የማይቆርጥ፣ ነገ ስልኩ የማይነሳ ሰው ይሠራዋል። ዛሬ እየሆነ ያለውም ይኸው ነው።

ሕጋችን ነገሩን አያውቀውም እንዳትሉኝ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1359 ጀምሮ ስለ ንብረት አገልግሎት ይደነግጋል። አንዱ መሬት ለሌላው መሬት ጥቅም ሲል ሸክም ይሸከማል፤ ባለይዞታው ጎረቤቱ ሲያልፍ ይታገሣል፣ ወይም በራሱ ቦታ ላይ ሊያደርገው ይችል ከነበረው ነገር ይቆጠባል። ሸክሙ የተጫነው በሰውየው ትከሻ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ስለሆነ፣ መሬቱ እጅ ቢለውጥም ሸክሙ አብሮት ይሄዳል። ሐሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ነው። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 3363 ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ የሚናገረውን ክፍል ወደፊት በሚወጣ ትእዛዝ ሥራ ላይ እስኪውል ድረስ አቆየው። ቆይታው ከ60 ዓመት በላይ ሆነ። ለከተሞች መልሱ በከፊል የመጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ሲወጣ ነው፤ ይህ አዋጅ ከመብቱ ጋር ክልከላና ኃላፊነትም እንዲመዘገብ አዘዘ። እኔ እንደማነበው በሰው ግቢ የሚያልፍ መንገድ ማደሪያው እዚያ ነው፤ ለአንዱ መብት፣ ለሌላው ክልከላ ሆኖ። የቀረው ወረቀቱን ይዞ እዚያ ድረስ የሚያደርስ፣ ሳያደርስ ቢቀርም የሚጠየቅ ሰው ነው።

ወረቀቱ እዚያ ሳይደርስ ሲቀር ምን እንደሚሆን አንድ ግቢ ያሳየኝን ልንገራችሁ። አባት ሲሞት ወንድማማቾች ግቢውን ለሁለት ተካፈሉ። ታላቁ የፊቱን፣ ታናሹ የኋላውን ወሰደ። ለኋለኛው ቤት በፊተኛው ግቢ ዳር ሦስት ሜትር መተላለፊያ ይተውለት ብለው በሦስት ምስክሮች ፊት ተፈራረሙ። ወረቀቱ ኮሞዲኖ ውስጥ ገባ። ከዓመታት በኋላ የፊተኛው ቤት ተሸጠ። ገዢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ካርታውን አይቶ ገዛ፣ ካርታው ላይ መተላለፊያ የለም፣ እስከ ካርታው ጫፍ ድረስ ግንብ ሠራ። ለኋለኞቹ የተረፋቸው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ቀዳዳ ሆነ። ክሱ በቀጠሮ ላይ እያለ የኋለኛው ቤት እናት አረፉ። የዕድሩ ሰዎች ሣጥኑን ተሸክመው እስከ መታጠፊያው ደረሱ፤ ሣጥኑ ግን አልዞር አለ። ወደ ኋላ መለሱት፣ በጎኑ ሞከሩት፣ እንደገና መለሱት። በመጨረሻ በግንቡ ላይ አሳልፈው ሊያወጡት ሲያነሱት፣ ከወዲያኛው በኩል መሰላል ላይ ቆሞ የተቀበላቸው ያ ገዢ ነው። አንድ ቃል አልተናገረም።

ያ ወረቀት ኮሞዲኖ ውስጥ ከሚያድር መዝገብ ውስጥ ቢያድር ኖሮ ገዢው ካርታውን ሲያይ መንገዱንም ያይ ነበር። ዋጋውን አስቀንሶ ይገዛ ነበር፣ ወይም ይተወው ነበር።

የሌላውን ጥፋት ብቻ እንዳልናገር የራሴንም ላስከትል። በአንድ ደጋ ወረዳ የውኃ ቧንቧ ልናሳልፍ ማሳ ለማሳ እየዞርን እናስፈርም ነበር። አንድ ቤት ደረስን፤ አባወራው አሉ፣ ወይዘሮዋ ገበያ ሄደዋል። የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንዳለ ዓይኔ አይቷል። ቀኑ መሽቶብኝ፣ ከፕሮጀክቱ የተሰጠኝ ቀነ ገደብም ደርሶብኝ ነበርና አባወራውን ብቻ አስፈርሜ አሥራ አራት ችካል አስተክዬ ሄድኩ። በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ አሥራ አራቱም ተነቅለው፣ አፈራቸው ተራግፎ፣ እንደ ማገዶ ደጃፉ ላይ ተከምረዋል። ወይዘሮዋ አጠገባቸው ቆመው ነበር። «እንጨታችሁ ይኸው፤ ፎቶዬም ደብተሩ ላይ ይኸው» አሉን።

ሦስት ሳምንት ተመላለስን። ሴትዮዋ የፈለጉት ገንዘብ እንዲጨመርላቸው አልነበረም። ቧንቧው የነጭ ሽንኩርት መደባቸውን ለሁለት እንዳይሰነጥቅና ቁፋሮው ከአጨዳ በኋላ እንዲሆን ብቻ ነበር። መስመሩን ዘጠኝ እርምጃ ወደ ድንበሩ ብናስጠጋው ነገሩ አለቀ። በመጀመሪያው ቀን ተቀምጬ ብጠብቃቸው ኖሮ በአንድ ሲኒ ቡና ያልቅ ነበር።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ይህን ነው፤ ስለዚያ ፊርማ ማንም አልጠየቀኝም። ደመወዜ አልተቀነሰም፣ የሚታገድ ፈቃድ አልነበረኝም፣ ወይዘሮዋም አቤት የሚሉበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። የነበራቸው መሣሪያ ችካል መንቀል ብቻ ነበር። በአገራችን የወሰን ማስከበር ችግር ከሚባለው ውስጥ ስንቱ በዚህ ዓይነት የተጀመረ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

የምትሰጡኝን መልስ በከፊል እገምታለሁ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተጻፈ ነው፤ ወሰን ማስከበርም የመንግሥት ሥራ ነው ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያውን አልከራከርም። እኛ መሬት አንሸጥም አንገዛም፤ ባለይዞታው ከይዞታው አይነሳም፤ ባለበት ሆኖ ሌላው እንዲያልፍ ይፈቅዳል እንጂ።

ሁለተኛው ግን መለየት ያለበት ነገር አለው። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት የሚወሰድበት መንገድ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተደንግጓል፤ እዚያ ውስጥ መወሰን የመንግሥት ሥልጣን ነው፣ ማንም የግል ድርጅት ሊነካው አይገባም። እኔ የማወራው በስምምነት ስለሚሆነው ነው። አንዱ ገበሬ የመስኖ ቦዩን በጎረቤቱ ማሳ ላይ ማሳለፍ ሲፈልግ፣ ወፍጮ ቤት የሚከፍት ሰው ምሰሶ በሌላው ግቢ ዳር ማቆም ሲፈልግ፣ የአበባ እርሻ ቧንቧ ሲዘረጋ፣ የቴሌኮም ኩባንያ ማማ የሚተክልበት ቦታ ሲያፈላልግ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ፈቃድ አግኝቶ ገብቷል፤ ከአንድ ጠያቂ ይልቅ ሁለት ጠያቂ ወደ ባለይዞታው ደጅ ይሄዳል ማለት ነው። በእነዚህ ሁሉ መንግሥት አስገድዶ የሚወስደው ነገር የለም፤ ሁለት ወገኖች ተስማምተው መጻፍ አለባቸው፤ የሚያጽፋቸው ግን የታወቀ ባለሙያ የለም።

በመንግሥት ፕሮጀክትም ቢሆን ከውሳኔው በፊትና በኋላ ያለው የእግር ሥራ፣ ማለትም ባለይዞታውን ማፈላለግ፣ ማስረዳት፣ ሰነድ ማሰባሰብ፣ በሰው እጥረት ሲጓተት አይቻለሁ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለ መስመር በሚዘረጋበት ቦታ ሁሉ ከሽቦው ሥር የሚቀር ባለይዞታ አለ። ጤፉን ይዘራል፤ ባሕር ዛፍ መትከልና ቤት መሥራት ግን አይችልም። ከመሬቱ ጨርሶ ለሚነሳው ሰው ሕጉ ካሳ ይሰላለታል ይላል፤ ስሌቱም በቁጥር የተቀመጠ ነው። ከሽቦው ሥር ለሚቀረው ሰው ምን እንደተከለከለና በምን ልክ እንደተካሰ ቁጭ ብሎ፣ በሚገባው ቋንቋ አንብቦ የሚያስረዳው ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ግን መኪና ላይ እንዳለ ፈርም የሚለው ሰው ነው።

እንግዲህ መደቡን ስታወጡ እንዴት አድርጋችሁ ብታስሩን እንደሚሻል፣ ሥራውን ከውስጡ የማውቅ ስለሆንኩ ልንገራችሁ። ለሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መሥራት ይከልከለን፤ የማን ወኪል እንደሆንን በውሉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። የካሳ ገንዘብ ከድርጅቱ ሒሳብ ተለይቶ በዝግ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ባለይዞታው እስኪቀበለው ድረስ የእኛ ለመባል የሚበቃ ሰዓት አይኑረው። በደብተሩ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ፣ ባልም ሚስትም፣ ካልፈረመ ፊርማው እንዳልተፈረመ ይቆጠር፤ ይህን የምጠይቀው አሥራ አራት ችካል ከፍዬ ተምሬው ነው። ውሉ በአካባቢው የሥራ ቋንቋ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል በምስክር ፊት ይነበብለት፣ አንዱ ቅጂ እጁ ላይ ይቅር። የክፍያውን ነገር ከላይ ተናግሬአለሁ፤ መቶኛ የሚባል አይኑር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሥራው ፍጻሜ ፊርማ ሳይሆን ምዝገባ ይሁን። የማለፍ መብቱ በይዞታ መዝገቡ ላይ ሰፍሮ የምዝገባ ማስረጃው ካልቀረበ ድርጅቱ የመጨረሻ ክፍያውን አይውሰድ። ግልባጩን ለይዞታ ምዝገባ መሥሪያ ቤቶች ያደረግሁት ስለዚህ ነው፤ እናንተም የምናመጣውን ወረቀት የምትቀበሉበት መስኮትና ቅጽ አዘጋጁልን። ፈቃድ ኖሮን እናንተ ጋ ስንደርስ «እንዲህ ያለ ነገር አንመዘግብም» ብትሉን ከኮሞዲኖው አልወጣንም።

ብቃትን በተመለከተ ብዙ አትጨነቁ። ዲግሪ ብቻ ብትጠይቁ ሥራውን የሚችሉትን ብዙ ሰዎች ትዘጋላችሁ፤ በዚህ ሥራ ላይ ያየኋቸው ጎበዞች አንዳንዶቹ የቀድሞ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የቀበሌ መሬት ኮሚቴ አባላት ናቸው። ሕግ የሚያነብ አንድ፣ ካርታ የሚያነብ አንድ፣ ሰው የሚያነብ አንድ ሰው በድርጅቱ ውስጥ ይኑር ብትሉ ይበቃል። ሦስተኛውን በፈተና ማግኘት እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ግን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጥቂት ይናገራል።

የእኛ ማመልከቻ መመሥረቻ ጽሑፉ፣ የኪራይ ውሉና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ተያይዘውበት መዝገብ ቤታችሁ አለ። «የሥራ መደብ» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ሠራተኛዋ ባዶውን ሳጥን አይታ ማመልከቻውን ልትመልስልኝ ስትል፣ እባክሽ ከነባዶው ያዥልኝ ብያታለሁና ማህተም አድርጋ ተቀብላዋለች። የቢሮውን ኪራይ በየወሩ እየከፈልን ነው፤ የኪራይ ውሉ ሳያልቅ ቁጥሩን ብትሞሉልን ሥራ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የፕሮጀክት ወሰን ማስከበር ሠራተኛ